ምልክቱ አይዘምርም

ኤች3ኤን2 የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አንድን ሴል ከተቆጣጠረ በኋላ ከሚያሠራቸው ፕሮቲኖች አንዱ ኤንኤስ1 ይባላል። የዚህ ፕሮቲን ጭራ ላይ አራት አሚኖ አሲዶች ተሰልፈዋል፤ አላኒን፣ አርጂኒን፣ ሴሪን፣ ላይሲን። በሰው ሴል ውስጥ ዲኤንኤ ከሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ሂስቶን 3 ደግሞ መነሻው ላይ አላኒን፣ አርጂኒን፣ ትሪዮኒን፣ ላይሲን ብሎ ይጀምራል። ልዩነቱ የአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ ሴሪንና ትሪዮኒንም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአሌክሳንደር ታራኮቭስኪ ቤተ ሙከራ በ2012 እንዳሳየው (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቫይረሱ በዚህ መመሳሰል ተጠቅሞ ፓፍ1 የተባለውን የሴሉን ፕሮቲን ጠልፎ ይይዛል። ፓፍ1 የፀረ ቫይረስ ጂኖች ግልበጣ (ወደ አርኤንኤ መቀዳታቸው) ከተጀመረ በኋላ እስከ መጨረሻው እንዲዘልቅ የሚረዳ ሠራተኛ ነው። እሱ ሲጠለፍ የመከላከያው ሥራ መሃል ላይ ይሰናከላል።

ይህን ግኝት የሚተርኩ ሰዎች ቫይረሱን የሂስቶንን ቋንቋ እንደ ተማረ ብልህ ሌባ አድርገው ያቀርቡታል። አተራረኩ ይስባል፤ ግን ዋናውን ነገር ይስታል። ቫይረሱ በጂኖቹ ላይ አንድም ምልክት አልጻፈም፤ አንድም ምልክት አልፋቀም። በቀጥታ የሄደው ሥራውን ወደሚሠራው ፕሮቲን ነው።

ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት፣ በመድኃኒት ኩባንያዎች ገለጻና በሳይንስ ዜናዎች የገነነው አመለካከት በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ ጸሐፊ፣ አንባቢ፣ ፋቂ። ጸሐፊ ፕሮቲኖች በሂስቶን ላይ ኬሚካላዊ ምልክት ያኖራሉ። አንባቢ ፕሮቲኖች ምልክቱን አይተው ይያዙታል፤ ጂኑም በንባቡ መሠረት ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ፋቂዎች ሲመጡ ገጹ ይጸዳል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ምልክቱ ትእዛዝ ነው፤ አንባቢው ደግሞ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያደርስ መልእክተኛ። የሰውነት መከላከያን በሚመለከት ግን ሥዕሉ ሥልጣኑን ያለ ቦታው ያስቀመጠ ነው። ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ የሚያሳየው፣ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራ ሥራ አሻራ ወይም ለሥራው መጠነኛ ማመቻቻ መሆኑን ነው። ወሳኙ ያለው በአንባቢው፣ በባልደረቦቹና እሱን እየመራ ባመጣው ፕሮቲን ዘንድ ነው።

አመለካከቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ተገቢ ነው፤ ከሞኝነት አልመጣምና። በ1964 ቪንሰንት ኦልፍሬይና ባልደረቦቹ በሂስቶን ላይ የሚለጠፉ የአሴቲልና የሜቲል ቁራጮች በአርኤንኤ ሥራ ላይ ተጽዕኖ ሳይኖራቸው እንደማይቀር ሐሳብ አቀረቡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1996 የዴቪድ አሊስ ቡድን ቴትራሂሜና ከተባለ ባለ አንድ ሴል ፍጥረት አሴቲል የሚለጥፈውን ኢንዛይም አወጣ። በ1999 የሚንግ-ሚንግ ዡ ቡድን ብሮሞዶሜይን የተባለ የፕሮቲን ክፍል አሴቲል የተለጠፈበትን ላይሲን የሚይዝበትን ጉድጓድ ቅርጽ አሳየ። በ2000 አሊስና ብሪያን ስትራል፣ በ2001 ደግሞ ቶማስ ዬኑዋይንና አሊስ «የሂስቶን ኮድ» የተባለውን መላ ምት አስተዋወቁ። ለዚያ ጊዜ የሚመጥን፣ ብዙ ሙከራ የወለደ ሐሳብ ነበር። ችግሩ የመጣው መላ ምቱ ሳይፈተን እንደ ተረጋገጠ እውነት መጠቀስ ሲጀምር ነው።

አንድ ዝርዝር ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስጠነቅቅ ነበር። ያ ከቴትራሂሜና የወጣው ኢንዛይም በእርሾ ውስጥ ጂሲኤን5 ለሚባለው ፕሮቲን የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ጂሲኤን5 ደግሞ ጂን የሚያነሳሱ ፕሮቲኖች ረዳት ሆኖ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ጸሐፊው የት እንደሚጽፍ ራሱ አያውቅም ማለት ነው። የዲኤንኤውን ፊደል ለይቶ የሚያውቅ ሌላ ፕሮቲን እጁን ይዞ ይወስደዋል።

የድጓን ገጽ አይቶ የሚያውቅ ሰው የኮዱ ሐሳብ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ቶሎ ይገባዋል። ከቃላቱ በላይ ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረት። ለእንግዳ ዓይን ምልክቱ ዜማውን የያዘ ይመስላል። ዜማው ያለው ግን በመሪጌታው ጉሮሮ፣ ለዓመታት በቃል በተጠና ትምህርት ውስጥ ነው። ምልክቱ የሚያውቀውን ያስታውሰዋል እንጂ የማያውቀውን አያስተምረውም። ዜማው ግዕዝ ከሆነ፣ ዕዝል ከሆነ፣ አራራይ ከሆነ፣ ያው ምልክት ሌላ ድምፅ ያወጣል። የሂስቶን ምልክትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ዲኤንኤ አለ። በየ147 ጥንድ ፊደሉ ስምንት ሂስቶኖች በተቃቀፉበት እንክብል ላይ ይጠመጠማል፤ ከእንክብሉም የሂስቶኖቹ ጭራዎች ይንጠለጠላሉ። ምልክት የሚለጠፈው በአብዛኛው በእነዚህ ጭራዎች ላይ ነው። አሴቲልን የሚይዘው ብሮሞዶሜይን ብቻ በሰው ውስጥ በ46 ፕሮቲኖች ላይ 61 ጊዜ ይገኛል። ሜቲልን የሚይዙት ደግሞ ክሮሞዶሜይን፣ ቱዶር፣ ፒኤችዲ ጣት እየተባሉ በየቤተሰባቸው ይጠራሉ። የአብዛኞቹ ጨበጣ ደካማ ነው፤ ነጠላ ብሮሞዶሜይን ነጠላ አሴቲልን ይዞ ብዙ አይቆይም። በእንዲህ ያለ ልል ጨበጣ አንድ ፕሮቲን በሚሊዮን ከሚቆጠሩ እንክብሎች መካከል ትክክለኛውን አድራሻ ያገኛል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ነገሩ በግልጽ የሚታየው ማክሮፌጅ በተባለው የመከላከያ ሴል ውስጥ ነው። ማክሮፌጅ የባክቴሪያ ሽፋን ቁራጭ ሲነካው በሰዓታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ያነሳሳል። ከጂኖቹ ራቅ ብለው የሚገኙ፣ ግልበጣን የሚያጎለብቱ ኤንሃንሰር የተባሉ የዲኤንኤ ክፍሎችም አብረው ይነቃሉ። በእነዚህ ላይ በሂስቶን 3 አራተኛ ላይሲን ላይ የሜቲል ምልክት ይታያል። ለዓመታት የተነገረው ምልክቱ ኤንሃንሰሩን እንደሚያነቃው ነው። በ2013 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ የክሪስቶፈር ግላስ ቡድን ቅደም ተከተሉን በጊዜ ለካው። መጀመሪያ ዲኤንኤን ለይተው የሚያውቁት ፕሮቲኖች ያርፋሉ፤ ቀጥሎ የኤንሃንሰሩ ዲኤንኤ ራሱ መገልበጥ ይጀምራል፤ የሜቲል ምልክቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግልበጣው እንዳይራዘም በመድኃኒት ሲታገድ ምልክቱም ይቀንሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

የኮዱ ደጋፊዎች በዚያው ዓመት ከሚላን የወጣውን የጆአኪኖ ናቶሊን ቡድን ሥራ ይጠቅሳሉ። ቡድኑ በማክሮፌጅ ውስጥ ቀድሞ ምንም ምልክት ያልነበረባቸው ድብቅ ኤንሃንሰሮች ከአንድ ማነሳሻ በኋላ ምልክት ሲያወጡ፣ ማነሳሻው ከተወገደ በኋላም ብዙዎቹ ምልክቱን እንደያዙ ሲቆዩ፣ በሁለተኛው ጥሪ ደግሞ ፈጥነው ሲመልሱ አየ። የሴል ትዝታ ይሉታል፤ ውብ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ምልክቱና ፈጣኑ ምላሽ አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን እንደወለደ አያረጋግጥም። ይህን የሚፈትነው ሙከራ ጸሐፊውን ሳያስወግዱ ብዕሩን ብቻ መንጠቅ ነው። በ2017 የስታንፎርዷ ጆአና ዊሶካና የኖርዝዌስተርኑ አሊ ሺላቲፋርድ ቡድኖች በየፊናቸው ይህንኑ አደረጉ፤ አንደኛው በአይጥ የፅንስ ግንድ ሴሎች፣ ሌላኛው በዝንብ ጭምር። በኤንሃንሰር ላይ የሚጽፉት ፕሮቲኖች በቦታቸው እያሉ የመጻፍ ችሎታቸው ብቻ ሲወሰድ፣ ምልክቱ እጅግ ቢቀንስም የጂኖቹ ግልበጣ ብዙም አልተናጋ። ፕሮቲኖቹ በሙሉ አካላቸው ሲወገዱ ግን ግልበጣው ተበላሸ። ሥራውን የያዘው የጸሐፊው ሰውነት እንጂ ጽሕፈቱ አልነበረም።

ወደ አንባቢዎቹ ሲመጣ በመከላከያ ጥናት ውስጥ ከሁሉ የታወቀው ቢአርዲ4 ነው። ሁለት ብሮሞዶሜይን አለው፤ የቆመውን ጂን ገልባጭ፣ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝን፣ የሚያስለቅቅ ኢንዛይምም ይዞ ይመጣል። በ2010 አይ-ቤት የተባለ ሞለኪውል ብሮሞዶሜይኖቹን በመድፈን አይጦችን ከባክቴሪያ መርዝ ድንጋጤ ሞት እንዳዳነ ሲዘገብ ታላቅ ዜና ሆነ። አንባቢውን ዝጋ፣ ብግነቱን አጥፋ የሚለው መፈክር የተወለደው ያኔ ነው። ሙከራውን በዝርዝር ያነበበ ሰው ግን አንድ ግር የሚል ነገር ያገኛል። መድኃኒቱ ሁሉንም የብግነት ጂኖች እኩል አልነካም። እንደ ኢንተርሉኪን 6 ያሉትን ሲያዳፍን፣ ቲኤንኤፍ የተባለውን ዋና የብግነት መልእክተኛ ግን ብዙም አላወከውም። መድኃኒቱን የተቋቋሙት ጂኖች ከማነሳሻው በፊት አሴቲልና ሜቲል ተትረፍርፎባቸው የነበሩት ናቸው፤ የተዳፈኑት ደግሞ ምልክታቸው ሳስቶ የነበረው። አንባቢው በምልክቱ ትእዛዝ የሚኖር ቢሆን ኖሮ ብዙ ምልክት ያለበት ጂን የበለጠ መጎዳት ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው።

ሌላም አለ። ቢአርዲ4 የሚያነበው ሂስቶንን ብቻ አይደለም። ኤንኤፍ-ካፓ ቢ የሚባለው የብግነት ዋና መሪ አንዱ ክፍሉ 310ኛ ላይሲኑ ላይ አሴቲል ሲለጠፍበት፣ ቢአርዲ4 እሱንም በብሮሞዶሜይኑ ይይዘዋል። ዘመዱ ቢአርዲ3 ደግሞ የደም ሴሎችን ዕድገት የሚመራውን ጋታ1 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። ታዲያ አይ-ቤት በአይጥ ውስጥ ብግነትን ሲያበርድ ያቆመው የሂስቶን ንባብን ነው ወይስ የኤንኤፍ-ካፓ ቢን ጓደኝነት? ሁለቱን ሳይለዩ «የሂስቶን አንባቢ» የሚለውን ስም መለጠፍ ጥያቄውን ሳይመልሱ መዝጋት ነው።

53ቢፒ1 የተባለው ፕሮቲን የኮዱን ሐሳብ ከቁጥር ጋር ያፋጥጣል። ቢ-ሴል ከአንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ወደ ሌላው ሲሸጋገር ዲኤንኤውን ይቆርጣል፤ ከዚያም ይገጥማል። ያለ 53ቢፒ1 ይህ ሽግግር እጅግ ይዳከማል። ፕሮቲኑ በሂስቶን 4 ሃያኛ ላይሲን ላይ ያለውን ባለ ሁለት ሜቲል ምልክት ያነባል። ነገር ግን ይህ ምልክት በሴሉ ውስጥ ባሉት ሂስቶን 4ዎች በ80 በመቶ ያህሉ ላይ አለ! ሁሉም ቤት በር ላይ የተሰቀለ ምልክት ማንንም ወደ ማንም ቤት አይመራም። 53ቢፒ1 በተቆረጠው ቦታ የሚሰበሰበው የጉዳት ምልክት ሰጪዎች እዚያው አካባቢ በሌላ ሂስቶን ላይ ዩቢኪቲን የተባለ ሌላ ምልክት ሲያኖሩ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያገኝ ይጸናል። አድራሻውን የሰጠው ቁስሉ ነው።

የኮዱ ደጋፊዎች ጠንካራው ምሽግ ራግ2 ነው። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ምሽጉ በእውነት ጠንካራ ነውና።

ራግ1ና ራግ2 ተጣምረው የቲ-ሴልና የቢ-ሴል ተቀባዮችን ጂኖች ቆርጠው የሚያደራጁ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ሰው የማያውቀውን ተሕዋስ የሚለይበት ብዝኃነት አይኖረውም ነበር። በ2007 ሁለት ቡድኖች እንዳሳዩት የራግ2 ፒኤችዲ ጣት በሂስቶን 3 አራተኛ ላይሲን ላይ ያለውን ባለ ሦስት ሜቲል ምልክት ይይዛል። በዚያ ጣት ውስጥ 453ኛው አሚኖ አሲድ ትሪፕቶፋን ነው፤ ሜቲሉ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ከሚሠሩት አንዱ። እሱ ወደ አርጂኒን ሲለወጥ ንባቡ ይጠፋል። ኦመን ሲንድሮም ይዟቸው በተወለዱ ሕፃናት ከተገኙት ለውጦች አንዱ ይኸው ነው፤ ቆዳቸው ይቀላል፣ ጉበታቸውና ጣፊያቸው ያብጣል፣ ያላቸው ጥቂት ቲ-ሴል ደግሞ የገዛ አካላቸውን ያጠቃል። አንድ አንባቢ ምልክቱን ማንበብ ሲያቅተው በሽታ ይመጣል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

መልሱ በ2010 ይፋ የሆነ ጥናት ውስጥ አለ። ራግ2 በአይጥ መከላከያ ሴሎች ውስጥ የት የት እንዳለ ሲታይ፣ ምልክቱ ባለበት በሺዎች በሚቆጠር ቦታ ሁሉ ተቀምጦ ተገኘ። ከተቀባይ ጂኖች ጋር ምንም ዝምድና በሌላቸው ጂኖች ላይም ጭምር። እዚያ ሁሉ ቢቆርጥ ኖሮ ሴሉ ወይ ይሞት ወይ ካንሰር ይሆን ነበር። የማይቆርጠው በዲኤንኤው ላይ ባለ ሰባትና ባለ ዘጠኝ ፊደል የሆነ፣ በ12 ወይም በ23 ፊደል ርቀት የተለያየ ጥምር ምልክት ስለሚፈልግ ነው። የመቁረጫው ሥፍራ የተጻፈው በዲኤንኤው ፊደል እንጂ በሂስቶኑ ጭራ አይደለም። ሜቲሉስ ምን ይሠራል? ሌሎች ጥናቶች እንዳሳዩት ራግ2 ምልክቱን ሲይዝ የጥንዱ የመቁረጥ አቅም ይጨምራል፤ ራሱን አስሮ የያዘው ልጓም ይላላል። ምልክቱ እዚህ የመሣሪያ መፍቻ ቁልፍ ነው። ቁልፍ መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሕፃናቱ በሽታ ይመሰክራል። ሆኖም ጂን ክፈት ወይም ጂን ዝጋ የሚል መልእክት በውስጡ የለም። ራግ2 የጂን ግልበጣን እንኳ አይቆጣጠርም፤ ሥራው መቁረጥ ነው።

ኤይር የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ይገለብጠዋል። ልብ አጠገብ ባለው ታይመስ እጢ ውስጥ ወጣት ቲ-ሴሎች የገዛ አካላቸውን እንዳያጠቁ ይፈተናሉ። ለፈተናው ከቆሽት፣ ከዓይን፣ ከምራቅ እጢ የሚገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች በታይመስ ውስጥ መታየት አለባቸው፤ ይህን የሚያደርገው ኤይር ነው። ጂኑ በ1997 ሲገኝ፣ ሲበላሽ የሚያመጣው በርካታ እጢዎችን የሚያጠቃ በሽታ በፊንላንድ፣ በሰርዲኒያና በኢራን አይሁዶች ዘንድ እንደሚበዛ ይታወቅ ነበር። በ2008 የወጡ ሥራዎች እንዳሳዩት የኤይር ፒኤችዲ ጣት የሚይዘው ያንኑ የሂስቶን 3 አራተኛ ላይሲን ነው፤ ምንም ሜቲል ሳይኖርበት። የራግ2 ጣትና የኤይር ጣት የአንድ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ምልክት ይፈልጋል፤ ሌላው ባዶውን ቦታ። አራተኛው ላይሲን ላይ ያለ ሜቲል የማንሻ ትእዛዝ ከሆነ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን የሚያነሳሳው ኤይር ለምን ከሜቲል ይሸሻል? መልሱ ያለው በኤይር ባልደረቦችና የቆሙ ፖሊሜሬዞችን በሚያስለቅቅበት ዘዴ ውስጥ ነው።

ስለ ኤስፒ140 ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። በመከላከያ ሴሎች ውስጥ የሚገኝ፣ ብሮሞዶሜይንና ፒኤችዲ ጣት ጎን ለጎን የያዘ ፕሮቲን ነው። በጂኑ ላይ ያሉ ልዩነቶች ከክሮንስ የአንጀት ሕመምና ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር ይያያዛሉ። በ2022 የወጣ ጥናት ኤስፒ140 የማክሮፌጅን ማንነት የሚጠብቀው ቶፖአይሶሜሬዝ የሚባሉትን ዲኤንኤ የሚፈቱ ኢንዛይሞች በመግታት እንደሆነ አሳየ። «አንባቢ» ብለው ሰየሙት፤ ሲሠራ የተገኘው የዘብ ሥራ ነው።

ክርክሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሰው ክንድ ላይ የሚደርሰው በቢሲጂ ነው። በኢትዮጵያ ሕፃን እንደተወለደ የሚሰጠው፣ ክንድ ላይ ትንሽ ጠባሳ የሚተወው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት። በ2012 የኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ ተመራማሪዎች፣ ሚሃይ ኔቴያን ጨምሮ፣ ቢሲጂ የተከተቡ ጤነኛ ፈቃደኞችን ከሦስት ወር በኋላ መረመሩ። ሞኖሳይት የሚባሉት የደም ሴሎቻቸው ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ዝምድና ለሌላቸው ተሕዋስያን ጭምር የበረታ ምላሽ ሰጡ፤ በብግነት ጂኖቻቸው መነሻ ላይም ባለ ሦስት ሜቲሉ ምልክት ጨምሮ ተገኘ። «የሠለጠነ መከላከያ» የሚለው ስም ከዚህ ሥራ ጋር ዓለምን ዞረ። ትረካውም ቀላል ነበር፤ ክትባቱ በሴሉ ላይ ማስታወሻ ጻፈ፣ ሴሉም ማስታወሻውን እያነበበ ለሦስት ወር ኖረ።

ችግሩ ሞኖሳይት ሦስት ወር አይኖርም። በ2017 በሰው ላይ የተደረገ ልኬት እንዳሳየው አብዛኞቹ ሞኖሳይቶች በደም ውስጥ የሚቆዩት አንድ ቀን ያህል ነው፤ ረጅም የሚቆዩት ጥቂቶቹም ሳምንት ገደማ። ከሦስት ወር በኋላ የተቀዱት ሴሎች ክትባቱ በተሰጠበት ቀን አልተወለዱም ነበር! ማስታወሻው ከተጻፈበት ሴል ጋር ካልተቀበረ፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። በ2018 ከሞንትሪያል የወጣ ጥናት ቦታውን በአይጥ አሳየ፤ ቢሲጂ ወደ አጥንት መቅኔ ሲደርስ የደም እናት ሴሎችን አካሄድ ይለውጣል፤ ከእነሱ የሚወለዱት ማክሮፌጆችም የሳንባ ነቀርሳን በተሻለ ይቋቋማሉ። በ2020 በተከተቡ ሰዎች መቅኔ ውስጥም ከሦስት ወር በኋላ ለውጥ ታየ።

እናት ሴሏ ደጋግማ ስትከፈል ምልክቱ ከልጅ ወደ ልጅ ይወርዳል እንበል? በእያንዳንዱ ክፍፍል ነባሮቹ ሂስቶኖች ለሁለቱ ልጆች ይበተናሉ፤ ግማሹ ቦታ በአዲስ፣ ምልክት አልባ ሂስቶን ይሞላል። በሂስቶን 3 ሃያ ሰባተኛ ላይሲን ላይ ላለው የዝጋ ምልክት ይህን ጉድለት የሚሞላ ዘዴ ይታወቃል፤ ኢኢዲ የተባለው አንባቢ ነባሩን ምልክት ሲይዝ ባልደረባውን ጸሐፊ አጠገቡ እንዲጽፍ ያነቃዋል። ለአሴቲልና ለአራተኛው ላይሲን ሜቲል ግን እንዲህ ያለ ጽኑ ራስን የመገልበጥ ዘዴ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ሞኖሳይቱ ላይ የታየው ሜቲል የትዝታው ማኅደር ሳይሆን፣ እናቲቱ ሴል የያዘችው የፕሮቲኖች አሰላለፍ በየትውልዱ እንደገና የሚያኖረው አሻራ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል።

ይህ የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንቱ መተው ይቻል ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ግን ትረካው ወደ ክንድ ወረደ። በአምስት አገሮች 3,988 የጤና ባለሙያዎች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት በ2023 ታተመ። በስድስት ወር ውስጥ የሕመም ምልክት ያለው ኮቪድ የመያዝ ግምት ቢሲጂ በወሰዱት ዘንድ 14.7 በመቶ፣ ባዶ መርፌ በተወጉት ዘንድ 12.3 በመቶ ነበር። ክትባቱ አልጠበቃቸውም። ቢሲጂ ሕፃናትን ከከባድ የሳንባ ነቀርሳ ዓይነቶች፣ በተለይም ከማጅራት ገትር ነቀርሳ እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው፤ ይህ ቁጥር ያንን አይነካም። በጊኒ ቢሳው ክብደታቸው አንሶ በተወለዱ ሕፃናት ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ቶሎ ከተከተቡት መካከል በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል። የሠለጠነ መከላከያም ሐሰት አይደለም። የሚያጠያይቀው፣ በሴል ላይ የጨመረ ሜቲል አይቶ የጨመረ ጥበቃ አለ ብሎ የመደምደም ልማድ ነው።

ተከራካሪ ሁሉ የሌላውንም ወገን ማስረጃ ማቅረብ ይገባዋል። በ2013 ዝንቦች ላይ ይኸው 27ኛው ላይሲን በአርጂኒን ሲተካ፣ ጸሐፊው ፕሮቲን ሲጠፋ የሚታየው ዓይነት የአካል መዛባት ታየ። እዚያ ምልክቱ ራሱ ይሠራል ማለት ነው። በ2023 የክርስቲያን ሄሊን ቡድን በአራተኛው ላይሲን ላይ ያለው ባለ ሦስት ሜቲል ምልክት በፍጥነት ሲጠፋ ፖሊሜሬዙ በመነሻው ላይ ቆሞ እንደሚቀር አሳየ። በ2024 ደግሞ በሮም የሚገኘው የጄሚ ሃኬት ቤተ ሙከራ ምልክቶችን አንድ በአንድ በተመረጠ ቦታ እያኖረ ፈተናቸው፤ አንዳንዶቹ በእርግጥ ግልበጣን ያነሳሳሉ ወይም ይገታሉ፤ የውጤቱ መጠን ግን ምልክቱ በተኖረበት ዲኤንኤና በዙሪያው ባሉት ነገሮች ላይ ተመሥርቶ ይለዋወጣል። ይህ የመጨረሻው ቃል በኮዱ ላይ ከሚሰነዘሩት ክሶች ሁሉ የከበደ ነው። አንድ ፊደል በየገጹ የተለያየ ትርጉም ካለው፣ መዝገበ ቃላቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ማስጠንቀቂያው አዲስ አይደለም። በ2011 ስቲቨን ሄኒኮፍና አሊ ሺላቲፋርድ የሂስቶን ምልክት መንስኤ ነው ወይስ የመኪናው ጥርስ ብለው በጽሑፍ ጠይቀዋል። በ2013 ማርክ ፕታሽነ፣ የጂን ቁጥጥር ጥናት ከቀደሙት አንዱ፣ አድራሻውን የሚያውቁት ዲኤንኤን የሚለዩት ፕሮቲኖች መሆናቸው ተረስቷል ብሎ በኃይል ተቃወመ። ሰሚ አልጠፋም፤ ነገር ግን የኮዱ ምሳሌ ለገለጻ ሥዕልና ለገንዘብ ጥያቄ እጅግ ስለሚመች ከገበያ አልወጣም።

የዚህ ምቾት ዋጋ በመድኃኒት ሙከራዎች ላይ ይታያል። አፓቤታሎን የተባለ የቢአርዲ4 ቤተሰብ መድኃኒት በልብ ሕመም ላይ ተሞክሯል። የስኳር ሕመም ያለባቸውና በቅርቡ ልባቸው የታመመ 2,425 ሰዎች ተሳተፉ፤ ዋናው ጉዳት መድኃኒቱን በወሰዱት 10.3 በመቶ፣ ባልወሰዱት 12.4 በመቶ ላይ ደረሰ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ሆኖ ሙከራው ዋና ግቡን ሳይመታ ቀረ። በካንሰር ሕክምና የተሞከሩት ብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ደግሞ ፕሌትሌት የተባሉትን ደም አርጊ ሕዋሳት ቁጥር ያወርዳሉ። አንባቢው በሁሉም ሴል ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል ብሎ የሚጀምር ሐኪም በዚህ ይገረማል። ቢአርዲ3 ከጋታ1 ጋር ያለውን ዝምድና የሚያስታውስ ግን አይገረምም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ መኖሩን የሚያሳየው በ2020 የታተመ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ የቢአርዲ4ንና የዘመዶቹን ሁለት ብሮሞዶሜይኖች ለየብቻ የሚደፍኑ ሞለኪውሎች ሠሩ። የመጀመሪያው ሲደፈን በካንሰር ሴሎች ላይ ከሁለቱ መደፈን ጋር የሚመሳሰል ውጤት ታየ። ሁለተኛው ሲደፈን ነባሩ ግልበጣ ብዙም ሳይነካ፣ አዲስ የሚነሳሱት የብግነት ጂኖች ተገቱ፤ በአይጥ ላይ በተሞከሩ የብግነትና ራስን የማጥቃት በሽታዎችም ረዳ። ሁለቱም ጉድጓዶች አሴቲልን ነው የሚይዙት። ልዩነቱን ያገኙት ምልክቱን በመቁጠር ሳይሆን አንባቢውን ክፍል በክፍል በመበታተን ነው።

ያ የሂስቶንን ጭራ የኮረጀው የኢንፍሉዌንዛ ፕሮቲንም አንድ ቀሪ ነገር አለው። በ2009 ዓለምን ያዳረሰው ኤች1ኤን1 ቫይረስ የሚሠራው ኤንኤስ1 በጭራው በኩል በ11 አሚኖ አሲድ አጭር ነው። አላኒን፣ አርጂኒን፣ ሴሪን፣ ላይሲን የሚለው ሰልፍ የሚገኘው በዚያው በተቆረጠው ጭራ ላይ ነበር። ሂስቶን መምሰል ያልቻለው ይህ ቫይረስ ኤንኤስ1ን ባለ ሁለት ሰንሰለት ከሆነ አርኤንኤ ጋር እያጣበቀ ከሴሉ ጠቋሚዎች ይደበቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ወረርሽኝ መሆኑን አወጀ።